ሴት የያዘቻት መኪና

የመኪና ደላላው ሽመክት የገዢው ሰውዬ አብሮ አደግ ነው። «ሴት የያዘቻት ናት፤ ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚሄዱባት» ሲለው ሰውየው ልቡ ቀለጠ። ወንድ የያዘው መኪና ጉልበቱ ያለቀ መሆኑን ማን ያጣዋል? ታክሲ ሠርቶ ቤቱን ሊያቀና ከአባቱ የወረሰውን ቦታ ሸጧል፤ ሌላ የሚሸጠው የለውም።

የመኪናዋ ባለቤት ነጠላ ያጣፉ እናት ነበሩ። ቁልፉን ሲሰጡት እንባቸው ዱብ ዱብ አለ።

«ልጄ፣ አደራ! ከእኔ ሌላ እጅ አልነካትም።»

«አይዞዎት እማማ፣ እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምይዛት» አላቸው። እሱም ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ እልል ብላ ከጎኑ ገባች። መንጃ ፈቃድ ካወጣች ገና ወሯ ነው። እግሯን ዘርጋ ስታደርግ ከምንጣፉ ሥር የሆነ ነገር ጎረበጣት፤ ገለጠችው። ሁለት የተቆረጡ ብረቶች ጎን ለጎን ተተክለዋል።

«ይሄማ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ማሰልጠኛ ስንማር መምህሩ ከጎናችን ሆኖ የሚረግጠው ፍሬንና ፍሪሲዮን ነው።»

ሰውየው ወዲያው ደወለ።

«ሽመክት፣ ይቺ መኪና የማሰልጠኛ ናት እንዴ? ስንቱ ለማጅ ነው ሲያንገጫግጫት የኖረው?»

«ወንድሜ፣ አሁን ሰው ይዣለሁ፤ ቆይተህ ደውል።»

ስልኩ ሳይዘጋ፣ ከሽመክት ኋላ የአንዲት እናት ለቅሶ ተሰማ።

«ልጄ፣ አደራ! ከእኔ ሌላ እጅ አልነካትም።»