የዜማ አባት ድምፅ

ሮብ ገበያ በምትባል ከተማ አራተኛ ክፍል የምታስተምረው ሃኒ፣ የቤት ሥራውንም የፈተናውንም ቀን ለወላጆች የምታሳውቀው በቴሌግራም ግሩፕ ነው። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ግን ተናደደችና የድምፅ መልእክት ላከች።

«የዜማ አባት፣ አቶ ቢተው! ልጅዎ ዛሬም የቤት ሥራ አልሠራችም። ስንት ጊዜ ጠርቼዎት ዝም! መናገር ያቅትዎታል እንዴ?»

ወላጁ ሁሉ ሰማው። ጥቂት ቆይቶ ከቢተው ስልክ ረጋ ያለ የወንድ ድምፅ መለሰ፦ «ይቅርታዎን፣ መምህርት። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አጨዳ ላይ እያዋልኳት ነው።»

አንድም የቁጣ ቃል አልነበረበትም። ሃኒ ሰውየውን በሰው ፊት ማዋረዷ ከነከናት። በማግስቱ ይቅርታ ልትጠይቅ ቤታቸው ሄደች። የዜማ እናት ወለተ ጊዮርጊስ ደጅ ላይ ተቀበለቻት።

«ትናንት በስልክ ክፉ ተናግሬያቸው ነበር» አለች ሃኒ። «እሳቸው ግን በትሕትና መለሱልኝ።»

«ማን? ቢተው?» እናትየው ግራ ገባት። «እሱ እኮ ከተፈጠረ ጀምሮ ዲዳ ነው፣ መምህርት። ዜማ አልነገረችዎትም?»

የሃኒ ፊት እንደ እሳት ነደደ። «መናገር ያቅትዎታል እንዴ» ማለቷ ትዝ ሲላት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

ይህን ጊዜ ቢተው በሁለት እጁ ጭድ ታቅፎ ከጓሮ ብቅ አለ። ሲያያት እጅ ነስቶ ፈገግ አለ። እሷ ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም።

ስልኳ ጮኸ። ከቢተው የመጣ የድምፅ መልእክት ነበር። ከፈተችው፤ ያው የትናንቱ ረጋ ያለ ድምፅ ነው፤ እሱ ግን ከንፈሩን ገጥሞ ፊት ለፊቷ ቆሟል።

«ሀፍረት አይሰማዎት፣ መምህርት። ገባ ይበሉ፤ ጭዱን ላውርድና እመጣለሁ።»