የዳይሬክተሩ እጅ

ለሠራተኞች መዝናኛ ቀን ላንጋኖ ወርደናል። ዳይሬክተራችን በሁለት ግራሮች መሃል በታሰረ የገመድ አልጋ ላይ፣ ኮፍያቸውን ዓይናቸው ላይ ደፍተው ተጋድመዋል። በላያቸው የዝናብ ሸራ ተወጥሯል። ዝናቡ ሲጀምር ምክትላቸውና ሦስት የክፍል ኃላፊዎች ሮጠን የሸራውን አራት ገመዶች ያዝን።

ዳይሬክተሩ እጃቸውን ወደ ላይ ወርወር አደረጉ።

"ከፍ ይበል እያሉ ነው" አሉ ምክትላቸው አቶ ልሳነወርቅ። ከፍ አደረግነው።

ወዲያው እጃቸው ወደ ታች ወረደ።

"አበዛችሁት፤ ዝቅ አድርጉት።" ዝቅ አደረግነው።

ቀጥሎ እጃቸው ሁለት ጊዜ ወደ ጎን ተወዛወዘ። የሰው ኃይል ኃላፊዋ ወይዘሮ እታፈራሁ "ወደ ሐይቁ ያዘንብል ማለታቸው ነው" አሉ። አቶ ልሳነወርቅ ደግሞ "ሐይቁ እንዳይከለልባቸው ነው" ብለው ተቃወሙ። በዚህ መሃል በሸራው ላይ የተጠራቀመው ውሃ አንገታችን ውስጥ ይወርዳል።

"ለምን ራሳቸውን አንጠይቅም?" አልኩ።

ሦስቱም የሥራ መልቀቂያ እንዳስገባ ሰው አዩኝ። "እሳቸው መመሪያ እየሰጡ አንተ ትጠይቃለህ?" አሉኝ አቶ ልሳነወርቅ።

አንድ ሰዓት ሙሉ ሸራውን ከፍ ዝቅ ስናደርግ ቆየን።

በመጨረሻ ዳይሬክተሩ የገዛ ጉንጫቸውን በጥፊ አጮሉት። ኮፍያቸውን አንስተው መዳፋቸውን አዩና የሞተች ዝንብ በጣታቸው አሽቀነጠሩ።

"በእንቅልፌ ስትነዘንዘኝ ቆየች" አሉ እያዛጉ። ከዚያ እኛን አዩን። "ምነው፣ ዘነበ እንዴ?"

"ኧረ ካፊያ ቢጤ ናት፣ ጌታዬ" አሉ አቶ ልሳነወርቅ፣ ኮታቸውን እየጨመቁ።