ፈዛዛ ፊደል

የአባቷ ጣት ስልኩ ላይ ከወዲያ ወዲህ ይንከራተት ነበር። ቀጠሮ ሊይዝ የከፈተውን የዓይን ክሊኒክ ድረ ገጽ የሠራችው እሷ ናት፤ በነጭ ላይ ፈዛዛ ግራጫ ፊደል፣ ከታች ስስ የቀጠሮ መያዣ ቁልፍ። ያየው ሁሉ «እጅሽ ይባረክ» ብሏታል። አባቷ ግን ቁልፉን ትቶ የምትስቀውን ሐኪም ፎቶ ደጋግሞ ይጫን ነበር።

«ልርዳህ አባዬ?»

«ተይ፣ አገኘዋለሁ።» ስልኩን አፍንጫው ድረስ አስጠጋ፤ መልሶ አራቀው። ጥፋቱ የአቧራ ይመስል መስተዋቱን በሸሚዙ ጫፍ ወለወለ።

«ፊደሉን አደምቀዋለሁ፣ ቁልፉንም አገዝፈዋለሁ። ዛሬውኑ!»

«ኧረ እንዳታበላሺው፣ እንዲህ አምሮ!» አለ። «ያልቻልኩበት እኔ ነኝ። ከክረምቱ በፊትም ሞክሬ ሲያቅተኝ ትቼዋለሁ።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግረኝ?»

«ሰው ሁሉ ሲያወድስሽ እኔ አባትሽ ‹አልነበብ አለኝ› ልበል?» ሳቅ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያኔ እንኳ የግራ ዓይኔ ትንሽ ያይ ነበር።»

የተቀመጠችው በግራው በኩል ነበር። ባናገራት ቁጥር ሙሉ ፊቱን ወደ እሷ ሲያዞር፣ ከናፍቆት መስሏት ነበር።