ሞቃቷ ክፍል

ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ በነበረው ትንሽ የእንስሳት ላቦራቶሪ፣ ብርድ የማይገባት አንዲት ክፍል ብቻ ነበረች። ቁልፏ ከዶክተር አልታየች አንገት ወርዶ አያውቅም።

ዘበኛው ወልደ ሰንበት ግን በሩ ሥር የሰማውን ሰምቷል። እሑድ ከሰዓት፣ ግቢው ጭር ሲል፣ ሴትዮዋ ከአንድ ወንድ ጋር ታወራለች።

«በረደህ እንዴ? ቆይ፣ አሁን ትበላለህ።»



ሥጋት ገባው። ከሰባት ዓመት በፊት፣ በቀይ ሽብሩ ጊዜ፣ ባሏን ከቤት ወስደውት አልተመለሰም። እሷ እርጉዝ ነበረች። ልጁም በተወለደ በማግስቱ አረፈ፤ ክርስትና ስላልተነሣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ትንሽ ጉድጓድ የማሰላት ወልደ ሰንበት ነው። ባልየው ግን ሞተ ተባለ እንጂ ሬሳውን ያየ የለም።

«አምልጦ መጥቶ ይሆናል» አለ በልቡ።

ቢናገር እሷን ያስበላታል። ዝም ቢል እሱም አብሯት ይጠፋል። ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ ደግሞ «እንዴት አደሩ፣ ጋሼ» የምትለው ሰው እሷ ብቻ ናት። ዝም አለ፤ እንቅልፍ ግን አጣ።

ወሬ እግር አለው። ሰኞ ረፋድ ላይ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ወርቅአገኘሁ አብዮት ጠባቂዎቹን አስከትሎ ከተፍ አለ።

«ክፈቺው!»

ከፈተችው። ሰው የለም። በመብራት የሚሞቅ ሣጥን፣ በሣጥኑ ውስጥ ሮዝ ቀለም ያለው ፈሳሽ የያዙ ጠፍጣፋ ጠርሙሶች አሉ።

«የግልገል እትብት ነው» አለች አልታየች። «ከደም ሥሩ ያወጣኋቸው ሕዋሳት ናቸው። አንድ ቀን የተበላሸ የደም ሥር በንቅለ ተከላ ለመተካት ይረዱን ይሆናል። የሌሎቹ ግልገሎች ሁሉ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሞቱብኝ። የዚህ ብቻ፣ ሕዋስ የሚያባዛ ቫይረስ ካስገባሁበት ወዲህ፣ ይባዛል እንጂ አይሞትም።»

«በግ እያናገርሽ ነው እኛን የምታስሮጪን?» አለና ሊቀመንበሩ እየሳቀ ወጣ።

ወልደ ሰንበት እፎይ አለ። ደስታው እንባ አመጣበት።

«እኔ እኮ ባለቤትዎ መጥተው ነው ብዬ...»

«እሱማ አይመጣም» አለች። አንዱን ጠርሙስ በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አስጠግታ ይዛዋለች።

አሳዘነችው። ሊያስቃት ፈለገ።

«ለግልገሉስ ስም አወጡለት?»

«ባለ እትብቱን ክርስትና ሳይነሣ አይደል የቀበሩልኝ፣ ጋሼ?»