የሽሮፑ ቀለም

ሐኪሟ የምርመራውን ውጤት ወረቀት ተቀብላ ከላቦራቶሪው መስኮት ልትርቅ ስትል ሽማግሌው ባለሙያ መልሶ ጠራት። ዞር አለች፤ መዞሩ ራሱ ከብዷታል። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ በእግሯ እንደቆመች ነው፤ ዓይኗ አሸዋ እንደገባበት ይቆረቁራታል።

ወረቀቱን ከልጁ ፋይል ጋር ልታያይዘው ብቻ ነበር የመጣችው። ነገሩ ጠዋት አልቋል። ከአራት ዓመቱ ልጅ ጀርባ በተቀዳው ውሃ ውስጥ ጀርም አልታየም፤ ሁለት ቀን ቢጠበቅም የበቀለ ነገር የለም። ይኼ ክፉው ማጅራት ገትር አይደለም፣ ቫይረስ ነው፣ በራሱ ጊዜ ይለቀዋል ብላ ሲወጋ የቆየውን የጀርም መድኃኒት መርፌ አስቁማ እናቱን ጓዝሽን ሸክፊ ብላታለች። አልጋው ይፈለጋላ። ኮሪደሩ ላይ ሦስት ልጆች እናቶቻቸው ጭን ላይ ተኝተው ተራ ይጠብቃሉ።

«ስኳሩን አይተሽዋል?» አላት ሽማግሌው።

አየችው። ወርዷል፤ ያውም በጣም። ቫይረስ ቢሆን የጀርባው ውሃ ስኳር እንዲህ ባልወረደ። ዓይኗ «ጀርም አልታየም» የሚለው መስመር ላይ ደርሶ እፎይ ብሎ ቀርቷል። አፈረች።

ሽማግሌው አልወቀሳትም። ልጁ እዚህ ከመምጣቱ በፊት ቤት ውስጥ መድኃኒት ቀምሶ ይሆናል፣ ጥቂት መድኃኒት ደግሞ ጀርሙን ሳይጨርሰው ከእኛ ዓይን ይሰውረዋል አላት። እሷም መጠየቁንስ ጠይቄያት ነበር፣ አልሰጠሁም ብላለች አለችው።

«መድኃኒት ሰጥተሽዋል ወይ ብለሽ ነው የጠየቅሻት?»

«ታዲያ ምን ልበላት ጋሼ?»

«እንደዚያማ ብጠየቅ እኔም አልሰጠሁም ነው የምለው። ቀለሙን ጠይቂያት።»

እናትየው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ለልጁ ካልሲ ታጠልቅለታለች። ልጁ ፊቱን ከመስኮቱ ብርሃን አዙሮ ዝም ብሏል፤ እግሩን ሲይዙት እንኳ አይስብም። ሐኪሟ ወንበር ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

«የሰጠሽው ሽሮፕ ቀለሙ ምን ዓይነት ነበር?» አለቻት ቀስ ብላ።

«ሮዝ» አለች እናትየው ሳታስበው። እጇ ካልሲው ላይ ደርቆ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ሁሉንም ዘረገፈችው። ታላቅ ወንድሙ ጆሮውን ታሞ ከታዘዘለት የተረፈ ነው። ጠዋት አንድ ማንኪያ፣ ማታ አንድ ማንኪያ፣ ሦስት ቀን ሰጠችው። ትኩሳቱም በረድ ብሎላት ነበር፤ ጠርሙሱ ባለቀ ማግስት ግን አንገቱ ድርቅ አለ።

ሐኪሟ ነርሷን ጠርታ መርፌው አሁኑኑ እንዲቀጥል አዘዘች። የጠዋቱ አምልጦታል። ትንሽ ዘግይታ ቢሆን ኖሮ ልጁ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ከግቢው ወጥቶ ነበር፤ ይህን ስታስበው ደነገጠች። ድንጋጤው ወዲያው ንዴት ሆነባት።

«ለምን ደበቅሽኝ? ልጅሽ እኮ ሊሞት ነበር።»

እናትየው ካልሲውን መልሳ እያወለቀች ነበር። ቀና አላለችም።

«ያኔ ታላቁን ሳመጣው እውነቱን ተናግሬ ነበር። እሱንም የሰው መድኃኒት ሰጥቼው ነው የመጣሁት ብዬ።»

«ለማን ነው የተናገርሽው?»

አሁን ቀና ብላ አየቻት።

«ለእርስዎ ነዋ፣ ዶክተር። ልጅሽን በገዛ እጅሽ ልትገድይው ነው ብለው ሰው ፊት ጮኹብኝ። ሌላ ጊዜ ብጠየቅ አልናገርም ብዬ የማልኩት ያን ቀን ነው።»

ነርሷ መርፌውን ይዛ ደረሰች። ሐኪሟ ከወንበሩ አልተነሳችም። የሴትየዋን ፊት አተኩራ አየችው፤ ግንባሯን፣ ከእንቅልፍ ማጣት ያበጡ ዓይኖቿን፣ የደረቁ ከንፈሮቿን። ልታስታውሳት ከልቧ ፈለገች። ጮሃባቸው የምታውቃቸው እናቶች አንድ በአንድ መጡባት፤ ይቺ የትኛዋ እንደሆነች ግን መለየት አልቻለችም።