ያልሸሸው ድንጋይ

«ውሃውን ቀንሰው፤ ድንጋዩን ሽቅብ ትሰደዋለህ!» አሉ ሽማግሌው ሐኪም፣ ኦፕራሲዮን አልጋው ላይ እንደተንጋለሉ።

ነርሷ ከጭምብሏ ስር ሳቀች። ሐኪም በሽተኛ ሲሆን አያድርስ ነው፤ ከወገባቸው በታች ደንዝዘው እንኳ አፋቸው አላረፈም። ሙሉ ማደንዘዣ ይውሰዱ ቢባሉ አሻፈረኝ ብለው፣ ስክሪኑን ወደ ራሳቸው አስዙረው የገዛ ኩላሊታቸውን ድንጋይ እያዩ ነው።

«ቀንሻለሁ ጋሼ። ዛሬ እንኳ በሽተኛ ይሁኑልን» አለ ውሃ እየረጨ ውስጡን የሚያሳየውን ቀጭን መሣሪያ የያዘው ወጣት ሐኪም። ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።

ድንጋዩ ከኩላሊት በሚወርደው ቀጭን የሽንት ቱቦ ውስጥ፣ ከኩላሊቱ ደጃፍ ትንሽ ዝቅ ብሎ ተሰክቷል። የባለቤታቸውም እዚሁ ቦታ ነበር። አምና፣ ወጣቱ ገና እየተማረ ስለነበረና ሌላ የሚሠራላት ስላልነበረ፣ በገዛ እጃቸው ሠሩላት። ያኔ የነበረው «መዶሻው» የሚሉት የድሮ መሣሪያ ብቻ ነው፤ በቀጭን ብረት ጣ ጣ ጣ እያደረገ ድንጋይ የሚፈነክት። ገና ሲነካው ድንጋዩ ዘሎ ሽቅብ ኩላሊቷ ውስጥ ገባ። ተመልሰው ሳያወጡት ኢንፌክሽኑ ደሟ ውስጥ ተሠራጨ፤ ቀበሯት። ዛሬ ለሳቸው የተዘጋጀው፣ ድንጋይ በብርሃን የሚያደቅቀው ሌዘር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

«ሌዘር ቢኖርም ያው ነበር ጋሼ፤ የሚሸሽ ድንጋይ ከምንም ይሸሻል» ብሏቸው ነበር ይኸው ተማሪያቸው፣ ለቅሶ ላይ። ዓመቱን ሙሉ በዚያች ቃል ተደግፈው ኖሩ። ዛሬ ነቅተው የተኙትም ለዚሁ ነው። ሰው የገዛ ድንጋዩ እንዲያመልጥ ይመኛል? እሳቸው ተመኙ፤ ውሃው ገፍቶት ሳይሆን ከሌዘሩ ራሱ ከሸሸ፣ የሷም ድንጋይ ያመለጠው በመዶሻው ጥፋት አይደለም ማለት ነው።

ወጣቱ ፔዳሉን ረገጠ። ጣ ጣ የለም። ክር በመሰለችው የሌዘሩ ሽቦ ጫፍ ላይ ቀይ ብርሃን በራ፤ የድንጋዩ ጠርዝ እንደ ስኳር ይሟሟ ጀመር። ድንጋዩ ግን ካለበት አልተነሳም።

«ንቅንቅ እኮ አላለም!» አለ ወጣቱ በደስታ። ወዲያው ያለው ነገር ገባውና እግሩን ከፔዳሉ አነሳ። «ጋሼ... የእትዬ እኮ... የሳቸው ድንጋይ ሌላ ዓይነት ነበር።»

«ሥራህን ጨርስ፣ ልጄ።»

በጀርባቸው ስለተኙ እንባቸው ወደ ጆሯቸው ወረደ። ነርሷ በፎጣ ጠረገችላቸው።

የድንጋዩ ብናኝ ከውሃው ጋር ታጥቦ ሲጠራ፣ ስክሪኑ ላይ ቀዩ የቱቦው መንገድ እስከ ኩላሊቱ ድረስ ወለል ብሎ ታየ።