ሾርባው የት ገባ?

አዲሱ የስልክ አሠራር ከተጀመረ ወዲህ ከምግብ አድራሹ ድርጅት ደንበኞች ትኩስ ነገር የቀመሰ የለም። ጥርጣሬው ሁሉ ያረፈው በብቸኛው ሞተረኛ ላይ ነው። ሰውየው በቅጽል ስሙ ነፋሱ ይባላል። ነፋስ ግን እንዲህ ቦርጭ ሲያወጣ ታይቶ አይታወቅም።

አለቃው የሚስቱ አባት ናቸው። ሥራውን የሰጡትም ልጃቸው እግራቸው ላይ ወድቃ ለምናቸው እንጂ ወደውት አይደለም።

«ልጄን ወሰድክ፣ ዝም አልኩ» አሉት ቢሮ አስጠርተው። «አሁን ደግሞ የደንበኛ ሾርባ?»

«አባባ፣ በዓይኔም አላየሁት። ገና ወደ ምግብ ቤቱ ስሄድ መንገድ ላይ ‹ደርሷል› ይለኝና ትዕዛዙ ከስልኬ ይጠፋል። ሌላ ሰው ቀድሞኝ ነው ብዬ እመለሳለሁ።»

«የምን ሌላ ሰው? ካንተ በቀር ሞተር ያለው ማን አለ? የምግብ ቤቱን ወጥ ሠሪ ደውዬ ጠይቄያታለሁ። ‹ኧረ ሾርባው ገና ድሮ ደርሷል› አለችኝ። እሷም ትዋሻለች?»

ነፋሱ ስልኩን አውጥቶ ዘረጋላቸው።

አለቃው በአሠራሩ ሲኮሩ ለጉድ ነው፤ ራሳቸው ናቸው ያወጡት። ከወጥ ቤት እስከ ሞተር በሠራተኛው ሁሉ ስልክ ላይ ሁለት ቃል ብቻ አስገብተዋል፦ «ታዟል» እና «ደርሷል»። ቃል ሲበዛ ሰው ይሳሳታል ባይ ናቸው።

«ዛሬ ሾርባው እትዬ ቤት ካልገባ ቁልፉን ታስረክባለህ» አሉት። «ልጄም ሻንጣዋን ይዛ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።»

ነፋሱ ሚስቱን ከነፍሱ አስበልጦ ይወዳታል። የራስ ቁሩን አጥልቆ ወጣ።

እትዬ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው። ጥርስ ስለሌላቸው ከሾርባ ሌላ አያዙም። አለቃው ሌባውን እጅ ከፍንጅ ሊይዙ እትዬ ሳሎን መሸጉ። እትዬ ማንኪያቸውን ይዘው ጠረጴዛው ጋ ተቀመጡ። የአለቃው ስልክ ጮኸ፦ «ደርሷል»።

በሩን ከፈቱ። ድመት እንኳ የለም። አለቃው ጎንበስ ብለው ከሶፋው ሥር አዩ።

«ሾርባ እዚያ ምን ይሠራል?» አሉ እትዬ።

«ደርሷል እኮ ነው የሚለው።»

«ታዲያ እኔ ጋ አልደረሰማ።»

አለቃው ተናደው ወጡ። ነፋሱን መንገድ ላይ፣ ሞተሩን መልሶ ሲያዞር ደረሱበት። የሆነ ነገር ያኝካል።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ማስቲካ ነው፣ አባባ።»

«እስቲ ተንፍስ።»

ተነፈሰ። የሸተታቸው ሚንት ብቻ ነው።

«አየህ? ሽታውን ለማጥፋት ነው» አሉ። «ቁልፉን አምጣ። ነገ ጠዋት መጥቼ ልጄን እወስዳለሁ።»

ነፋሱ ቁልፉን ሰጣቸውና የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ።

በዚያ ሰዓት ወጥ ሠሪዋ፣ ወሳጅ አጥተው የቀዘቀዙትን ሾርባዎች ገፋ አድርጋ ለአዲሱ ድስት ቦታ አበጀች፤ ከድስቱ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰችና፣ «ጨውም ልኩ ነው፣ ደርሷል» ብላ ስልኳን ተጫነች።